የኪቦርድ ፔዳል ምርጫ፦ ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት የኪቦርዱን ጀርባ እዩ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት የአንዷ ተማሪዬ እናት ከሐዋሳ ፒያሳ ደወሉልኝ።

"ቲቸር፣ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነው። ልጅቷ ፔዳል ካልተገዛልኝ ብላ አላስቀምጥ ብላኛለች። ባለሱቁ ሦስት ዓይነት አምጥቶ ደረደረልኝ። አንዱ የሳሙና ማስቀመጫ ይመስላል። አንዱ የመኪና ፍሬን ይመስላል። አንዱ ደግሞ ሦስት ምላስ አለው። የቱን ልግዛ?"

"ከኪቦርዱ ጀርባ ፔዳሉ የሚገባበት ቀዳዳ ምን ዓይነት ነው?" አልኳቸው።

"እሱን ደግሞ ማን አየው!"

"እንግዲያው ዛሬ ምንም አይግዙ።"

ቅር ብሏቸው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ማታ የኪቦርዱን ጀርባ በስልካቸው አንስተው ላኩልኝ። አንድ ክብ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ባለሱቁ "ይሄ ነው አሪፉ" እያለ ሲያሻሽጥላቸው የነበረው ባለ ሦስት ፔዳል ጫፉ ሰፊና ብዙ እግር ያለው ነው። እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ቢጠፈጥፉት አይገባም።

እኔ እዚሁ ሐዋሳ ቤት ለቤት እየዞርኩ ኪቦርድ አስተምራለሁ። እሁድ እሁድ ከመዘምራን ጋር እጫወታለሁ። ይህን ጥያቄ ያልሰማሁበት ወር የለም ማለት ይቻላል። ሰው ሁሉ ፔዳሎቹን እርስ በርስ ያወዳድራል። መልሱ ያለው ግን ቤት የቀረው ኪቦርድ ላይ ነው።

ሁለት ነገር አስቀድሜ ልናገር። ዋጋ በብር አልጽፍም። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ቆሞ አይጠብቅም። ርካሽ፣ መካከለኛ፣ ውድ እያልኩ እሄዳለሁ። የኩባንያ ስምም አልጠራም። ፎርጅዱ በበዛበት ገበያ ላይ የተለጠፈው ስም ብዙ አይነግራችሁም።

እግራችን ስር ያለው ነገር ምን ይሠራል?

ክራር ሲመታ አይታችሁ ከሆነ ነገሩን ግማሽ ታውቁታላችሁ። ክሮቹን በአንድነት ጠርገው የሚመቱ ተጫዋቾችን ልብ በሉ። ቀኝ እጃቸው ሁሉንም ክር ይመታል። የግራ እጃቸው ጣቶች ደግሞ ከክሮቹ ጀርባ ሆነው የማይፈለገውን ክር አፍነው ይይዛሉ። እንዲሰማ የተፈለገው ክር ላይ ያለው ጣት ብቻ ይነሳል። ሥራው ሁሉ የቀኝ እጅ ይመስላል። ዜማውን የሚመርጠው ግን አፋኙ እጅ ነው።

ፒያኖ ውስጥም እንደዚያው አፋኝ አለ። ክሩ ላይ የተቀመጠ፣ ስሩ ለስላሳ የሱፍ ጨርቅ የሆነ ትንሽ ዕቃ ነው። ዳምፐር ይሉታል። ቁልፉን ስትጫኑ ዳምፐሩ ይነሳል፣ መዶሻው ክሩን ይመታል። ጣታችሁን ስታነሱ ዳምፐሩ ተመልሶ ክሩ ላይ ያርፋል፤ ድምፁ ይቆማል። የቀኙ ፔዳል ሥራ ሁሉንም ዳምፐሮች በአንድ ጊዜ ማንሳት ነው። ጣታችሁን ብታነሱም ድምፁ በራሱ ጊዜ እስኪሞት ይቀጥላል።

ግን ድምፅን ማስረዘም ብቻ አይደለም። ፒያኖ 88 ቁልፍ ይኑረው እንጂ ክሩ ከ200 በላይ ነው። አብዛኛው ቁልፍ ሦስት ሦስት ክር አለው። ዳምፐሮቹ ሁሉ ሲነሱ ያልተመቱት ክሮችም ነፃ ይሆናሉ። አንዱ ሲመታ የሚዛመዱት ከሱ ጋር ይንቀጠቀጣሉ። ፔዳል ሲረገጥ የፒያኖ ድምፅ ሰፋ፣ ሞላ የሚለው ለዚህ ነው። የእውነት ፒያኖ ያለበት ቦታ ከደረሳችሁ ሞክሩት። ዝቅ ያለ አንድ ዶ ድምፅ ሳያወጣ ቀስ አድርጋችሁ ተጫኑና ያዙት። ከሱ አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለውን፣ ማለትም ወደ ላይ ቀጥሎ የሚገኘውን ዶ ጠንከር አድርጋችሁ መታ አድርጉና ልቀቁት። ያልመታችሁት ክር ሲያንጎራጉር ትሰማላችሁ። ልጆች ይህን ሲሰሙ ፒያኖው ውስጥ ሰው ያለ ይመስላቸዋል።

በነገራችን ላይ፣ ጫፍ ላይ ያሉት ቀጫጭን ክሮች ዳምፐር የላቸውም። ድምፃቸው አጭር ስለሆነ ማፈኛ አያስፈልጋቸውም። ኪቦርዳችሁ ላይ የላይኞቹ ቁልፎች ጣት ከተነሳ በኋላም ትንሽ ከቀጠሉ ተበላሽቷል ብላችሁ አትደንግጡ። ፒያኖን መምሰሉ ነው።

የግራው ፔዳል ማለስለሻ ነው። አግድም በተኛው ትልቁ ፒያኖ ላይ ሲረገጥ ቁልፎቹ ከነመዶሻቸው ትንሽ ወደ ጎን ይሸሻሉ። መዶሻው ከሦስቱ ክር ሁለቱን ብቻ ይመታል። ግድግዳ ጥግ በሚቆመው ፒያኖ ላይ ደግሞ መዶሻዎቹ ወደ ክሩ ይጠጋሉ፤ የሚወረወሩበት ርቀት ሲያጥር ድምፁ ይቀንሳል።

መካከለኛው ግራ ያጋባል፤ እንደ ፒያኖው ይለያያል። ትልቁ ፒያኖ ላይ በዚያች ቅጽበት ጣት ያለባቸውን ቁልፎች ድምፅ ብቻ ይይዛል። ቀጥሎ የምትመቱት ሁሉ እንደ ወትሮው ይቆረጣል። ባስ ይዞ ላዩን በንጽህና ለመጫወት ነው። ቧስሎ የሚባሉ የፈረንሳይ ፒያኖ ሠሪ በ1844 ፓሪስ ላይ አሳይተውታል። ስታይንዌይ ደግሞ በ1874 የፈጠራ መብት አወጣበት። ቋሚው ፒያኖ ላይ ግን መካከለኛው ብዙ ጊዜ በመዶሻውና በክሩ መካከል ጨርቅ የሚያወርድ ነው። ጎረቤት እንዳይረበሽ የተሠራ ነው እንጂ ለሙዚቃው ብዙም አይጠቅምም።

ፔዳል የፒያኖ ብቻ ንብረትም አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ የሚጫወቱት ቫይብራፎን፣ የተደረደሩ ብረቶች በመምቻ የሚመቱበት መሣሪያ፣ ስሩ ላይ ፔዳል አለው። እግር ሲረግጠው ከብረቶቹ ስር ያለው ረጅም ማፈኛ ይላቀቃል፣ ድምፁ ይንሳፈፋል። በቀጣዩ ጊዜ ሲጫወቱ ስታዩ እግራቸውን ተመልከቱ።

ኪቦርድ ላይ ስንመጣ ክርም ዳምፐርም የለም። ያለው ቁጥር ነው። ፔዳሉን ስትረግጡ ኪቦርዱ ውስጥ ከ0 እስከ 127 የሆነ ቁጥር ይመዘገባል። ቀላሉ ፔዳል ሁለት ቃል ብቻ ነው የሚያውቀው፦ 0 ወይም 127፤ ተነሳ ወይም ተረገጠ። ደህናው ፔዳል በመካከል ያለውንም ይናገራል፤ ሩብ ተረገጠ፣ ግማሽ ተረገጠ። የሚሰማው ኪቦርድ ግን ያንን ቋንቋ ማወቅ አለበት። የማያውቅ ከሆነ ከ64 በታች ያለውን "የለም"፣ ከ64 ጀምሮ ያለውን "አለ" ብሎ ያልፋል። ለዚህ ነው ውድ ፔዳል በርካሽ ኪቦርድ ላይ ገንዘብ ማባከን የሚሆነው።

በምን እንመዝናቸው?

መጀመሪያ ቀዳዳው። የተለመደው 6.35 ሚሊ ሜትር የሆነው ወፍራም ጃክ ነው፤ የጊታር ገመድ ጫፍ ላይ ያለው ዓይነት። የፔዳሉን ጃክ ቀረብ ብላችሁ ስታዩ ብረቱ ላይ ጥቁር ቀለበት አለ። አንድ ቀለበት ከሆነ ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ነው። ሁለት ቀለበት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መካከሉን የሚናገረው ነው። ትናንሽ የልጆች ኪቦርዶች ጭራሽ ቀዳዳ የላቸውም። አንዳንድ ዲጂታል ፒያኖዎች ደግሞ ከክቡ ቀዳዳ ሌላ ለባለ ሦስቱ ፔዳል ብቻ የተሠራ ሰፋ ያለ ቀዳዳ አላቸው። ኪቦርዱ መካከሉን ያነብ እንደሆነ የሚነግራችሁ የመመሪያ መጽሐፉ ነው። መጽሐፉ ከጠፋ የሞዴሉን ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ፤ አብዛኛው ይገኛል።

ሁለተኛው ተገልብጦ የመሥራት ጣጣ ነው። ማብሪያ ፔዳል ውስጡ ሁለት ሽቦ ነው። አንዳንዱ ሲረገጥ ሽቦዎቹ ይገናኛሉ። አንዳንዱ ደግሞ ሲረገጥ ይለያያሉ። ኩባንያዎች በዚህ አልተስማሙም። የአንዱን ፔዳል የሌላው ኪቦርድ ላይ ብትሰኩ እግር ስታነሱ የሚጮህ፣ ስትረግጡ የሚቆም ነገር ሊገጥማችሁ ይችላል። ብዙ ኪቦርዶች ሲበሩ ፔዳሉ ያለበትን ሁኔታ አይተው ራሳቸውን ያስተካክላሉ። ጥሩ ነገር ነው፤ እግራችሁ ላዩ ላይ ካልነበረ።

የኔ ነበረ። አንድ እሁድ በመዝሙር መካከል መብራት ጠፋ። ጄነሬተሩ ተነሳ። እኔ ፔዳሉን እንደረገጥኩ ነኝ። ኪቦርዱ ሲበራ "ያልተረገጠው ይሄ ነው" ብሎ ያዘ። ከዚያ በኋላ እግሬን ሳነሳ ድምፁ ይንጠለጠላል፣ ስረግጥ ይቆረጣል። ሳውንድ ማኑ እኔን ያያል፣ እኔ ሳውንድ ማኑን አያለሁ። መዘምራኑ ደግሞ ሁለታችንንም ያያሉ። ኪቦርዱን አጥፍቶ፣ እግርን አንስቶ፣ መልሶ ማብራት ብቻ ነበር መፍትሔው። ይህን የተረዳሁት መዝሙሩ ካለቀ በኋላ ነው። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት አገር የምትጫወቱ ከሆነ ይህን ልማድ አድርጉት፦ መብራት ሲጠፋ እግር ይነሳ። ከስሩ የመገልበጫ ማብሪያ ያለው ፔዳልም ከጣጣው ያድናል።

ሦስተኛ፣ ወለሉ። ሰው ይህን ይንቃል። ሴራሚክ ወለል ላይ ቀላል ፔዳል እየተንሸራተተ ይሄዳል። እሱን በእግር ጣት እየፈለጉ መጫወት ጣትን ያሳስታል። ምንጣፍ ላይ የተሻለ ነው፤ ግን ከስር ጎማ ያለውና ከበድ ያለው ሁልጊዜ ያሸንፋል።

አራተኛው ፔዳሉ የማይፈታው ችግር ነው። ኪቦርድ በአንድ ጊዜ የሚያሰማው ድምፅ ቁጥር አለው፦ 32፣ 64፣ 128። ፔዳል ረግጣችሁ ስትጫወቱ ያለፉት ድምፆች ስላልሞቱ ቁጥሩ ውስጥ ይገባሉ። የፒያኖና የስትሪንግ ድምፅ ደርባችሁ ከሆነ እያንዳንዱ ቁልፍ ቢያንስ ሁለት ይቆጠራል። 32 ያለው ኪቦርድ ቶሎ ይሞላል። ሲሞላ የቆየውን ድምፅ ቆርጦ ይጥላል፤ አንዳንዴ ባሱን። "ፔዳሌ እየለቀቀ ነው" ብለው የሚመጡ ሰዎች አሉ። ፔዳሉ ደህና ነው። ኪቦርዱ ነው አልችልም ያለው።

የመጨረሻው የምትጫወቱት ነገር ነው። እዚህ ላይ የኛ ሙዚቃ የራሱ ጸባይ አለው። ትዝታ ሜጀርን ውሰዱ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ውስጡ ጎን ለጎን የሚጋጭ ግማሽ ድምፅ የለም። ፔዳሉን ረግጣችሁ ብትረሱት እንኳን ጭጋግ ይሆናል እንጂ ጆሮ አይወጋም። አንቺሆዬ ላይ ይህን ሞክሩት፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። ዶና ሬ ፍላት አብረው ተንጠልጥለው፣ ፋና ሶል ፍላት አብረው ተንጠልጥለው! አምባሰልም እንደዚሁ ሁለት የሚጋጩ ጥንዶች አሉት። በትዝታ እግሩን ያሰነፈ ልጅ አንቺሆዬ ላይ ሲደርስ ይጋለጣል። ስለዚህ ብዙ ዓይነት ቅኝት የምትጫወቱ ከሆነ ቶሎ የሚመለስ፣ ስትለቁት ወዲያው የሚለቅ ፔዳል ያስፈልጋችኋል። ለቀቅ ያለ ሞላ ያለው ፔዳል ለናንተ አይሆንም።

ምርጫዎቹ አንድ በአንድ

*ምንም አለመግዛት።* ብዙ ኪቦርዶች ላይ ሰስቴይን የሚል ቁልፍ ወይም ምርጫ አለ። እሱን ስታበሩ ድምፁ ሁሉ ጣት ከተነሳ በኋላ ትንሽ ይጎተታል። ነፃ ነው። ግን ፔዳልን አይተካም። ፔዳል የምትይዙትንና የምትለቁትን እናንተ ትመርጣላችሁ። ቁልፉ ግን ሁሉንም በአንድ ልክ ያስረዝማል፤ ኮርድ (አብረው የሚመቱት ድምፆች) ሲቀየርም አይቆርጥም። እግሩ ወለል ለማይደርስ ትንሽ ልጅ ግን ይህ ይበቃል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አንዳንድ ፒያኖዎች ላይ ዳምፐር የሚነሳው በእግር እየተረገጠ ሳይሆን በጉልበት (ከጭን በታች ባለው መገጣጠሚያ) እየተገፋ ነበር። ለልጆቼ ይህን ስነግራቸው "እሱ ይሻለን ነበር" ይሉኛል።

*ሳጥኗ።* የሳሙና ማስቀመጫ የምትመስለው። ብዙ ጊዜ ከኪቦርዱ ጋር በነፃ ትመጣለች፤ ለብቻዋም ርካሽ ናት። ትሠራለች። ችግሯ ቀላል መሆኗ ነው፤ ትሸሻለች፣ ትገለበጣለች። የምትወርድበት ርቀትም አጭር ስለሆነ እግር የፒያኖ ፔዳልን ልክ አይለምድም። ወለል ላይ በፕላስተር ለጥፌያት ሁለት ዓመት ተጫውቼባታለሁ፤ ስለዚህ አልንቃትም። ካላችሁ ሌላ ለመግዛት አትቸኩሉ።

*ባለ ብረት ምላሱ።* የመኪና ፍሬን የሚመስለው። ከስሩ ሰፊ ጎማ፣ ላዩ የፒያኖ ፔዳል ቅርጽ ያለው ብረት። ውስጡ ከሳጥኗ አይለይም፤ ያው ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ልዩነቱ እግር ላይ ነው። ክብደት አለው፣ ይወርዳል፣ ይመልሳል፣ ቦታውን አይለቅም። ዋጋው መካከለኛ ነው። ከስሩ የመገልበጫ ማብሪያ ካለው ለየትኛውም ኪቦርድ ይሆናል ማለት ይቻላል። ኪቦርድ ብትቀይሩ አብሯችሁ ይሄዳል። ለአሥር ሰው ስመክር ለሰባቱ ይህን ነው የምለው።

ሌላው ጥቅሙ ጥገናው ነው። ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ገመዱ ነው፤ ከጃኩ አንገት ላይ። ራዲዮ የሚጠግን ሰው ፈትቶ በብየዳ ይመልሰዋል። ሁለት ሽቦ ነው፤ ምሥጢር የለውም። የኔን አቶቴ አካባቢ ያለ ልጅ ቡና እስኪቀርብ ሠርቶ ሰጠኝ።

*ግማሹን የሚያነበው።* በውጭ ሲያዩት ከብረት ምላሱ ጋር መንታ ነው። ጃኩ ላይ ባለ ሁለት ቀለበት ነው። ውስጡ ማብሪያ ሳይሆን እንደ ሬዲዮ ድምፅ ማስተካከያ ቀስ በቀስ የሚለወጥ ነገር አለ። ዳምፐሩ ክሩን ጨርሶ ሳይለቅ፣ ጨርሶም ሳያፍን እየዳሰሰ ሲያልፍ የሚሰማውን ድምፅ ይሰጣችኋል። ባሱ ይቀራል፣ ላዩ ይጠራል። ለክላሲክ ፒያኖ ተማሪ ትልቅ ነገር ነው። አዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግባት የሚዘጋጅ ልጅ ካላችሁ እግሩ ቀድሞ ይህን ቢለምድ አይጎዳም። እዚያ የሚጠብቀው የእውነት ፒያኖ ነውና።

ግን ኪቦርዱ ማንበብ አለበት። ማብሪያ ብቻ በሚያነብ ቀዳዳ ውስጥ ከሰካችሁት ወይ እንደ ማብሪያ ይሠራል፣ ወይ አንዴ ይሠራል አንዴ እንቢ ይላል። አንዳንዱ ከስሩ ወደ ማብሪያ የሚቀይረው ማዞሪያ አለው፤ ካገኛችሁ እሱን ምረጡ። ዋጋው ከብረት ምላሱ ከፍ ይላል። ሐዋሳ ላይ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ሊኖርባችሁ ይችላል።

*ባለ ሦስቱ።* ከዲጂታል ፒያኖ መቆሚያ ጋር በብሎን የሚታሰር ነው። ለራሱ ሞዴል ብቻ ነው የተሠራው። የሌላው ኩባንያ፣ አንዳንዴም የዚያው ኩባንያ ሌላ ሞዴል አይቀበለውም። ኪቦርዳችሁን ሳይሸከሙ መግዛት ቁማር ነው። ቀኙ ብዙ ጊዜ መካከሉን ያነባል፣ ግራና መካከለኛው ማብሪያ ናቸው። ቤት ውስጥ ለተተከለ መሣሪያ ያምራል። በየሳምንቱ ተሸክሞ ለሚዞር ሰው ግን ሸክም ነው። መካከለኛውን ፔዳል የሚያስፈልግ ሙዚቃ እዚህ ተማሪዎቼ መካከል እስካሁን አልገጠመኝም።

ፔዳል የሚመስሉ ሌሎች ነገሮች

ሱቅ ውስጥ ሁለት ዕቃ ከፔዳል ጋር ይምታታል። አንዱ የጊታር አምፕሊፋየር መርገጫ ነው። አንዴ ሲረገጥ ይበራል፣ ደግሞ ሲረገጥ ይጠፋል። ቀጭ ይላል። ለሰስቴይን አይሆንም፤ ፔዳል እግር ሲነሳ መልቀቅ አለበት። ሌላው እንደ መኪና ነዳጅ መስጫ ሰፊ ሆኖ እግር ባለበት የሚቆመው የድምፅ መጠን ፔዳል ነው። እሱ ድምፅ ከፍ ዝቅ ያደርጋል እንጂ አይይዝም። ባለሱቁ "ያው ፔዳል ነው" ቢላችሁ ረግጣችሁ ልቀቁት። በራሱ ካልተመለሰ የናንተ አይደለም።

| ምርጫ | የሚልከው | ወለል ላይ | ዋጋ | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|
| የኪቦርዱ ሰስቴይን ቁልፍ | ሁሉንም በአንድ ልክ ያስረዝማል | – | ነፃ | እግሩ ለማይደርስ ልጅ |
| ሳጥኗ | ተነሳ / ተረገጠ | ትንሸራተታለች | ርካሽ | ጀማሪ፣ መጠባበቂያ |
| ባለ ብረት ምላስ | ተነሳ / ተረገጠ | ቦታውን ይይዛል | መካከለኛ | ለመዘምራን፣ ለሠርግ፣ ለተማሪ |
| ግማሹን የሚያነብ | ከ0 እስከ 127 | ቦታውን ይይዛል | ከመካከለኛ ከፍ ያለ | ዲጂታል ፒያኖ ላለው፣ ለክላሲክ ተማሪ |
| ባለ ሦስት | ቀኙ ብዙ ጊዜ ከ0 እስከ 127 | ከመቆሚያው ጋር ታስሯል | ውድ | ቤት ለተተከለ ዲጂታል ፒያኖ |

እንግዲህ እናንተ የቱ ናችሁ?

ልጅ አስጀምራችሁ ከሆነና ገና ስድስት ወር ካልሞላው፣ ከኪቦርዱ ጋር የመጣችው ሳጥን ትበቃለች። ካልመጣች እግሩ ወለል እስኪደርስ ጠብቁ። በመጻሕፍት ከፍ አድርጋችሁ ልታስረግጡት ትችላላችሁ፤ ግን መጻሕፍቱ እንዳይንሸራተቱ።

በቤተ ክርስቲያን ወይም በባንድ የምትጫወቱ ከሆነ ባለ ብረት ምላሱን ግዙ፤ የመገልበጫ ማብሪያ ያለውን። አሮጌዋን ሳጥን አትጣሉ፤ ቦርሳ ውስጥ ትቀመጥ። ገመድ የሚበጠሰው ሁልጊዜ በፕሮግራም ቀን ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከኦርጋን ድምፅ ጋር ፔዳል አታብዙ። የፒያኖ ድምፅ በራሱ ይሞታል። የኦርጋን ድምፅ አይሞትም፤ እግራችሁ እስኪነሳ እዚያው ነው። ስትሪንግና ፓድ የሚባለው ለስላሳ የጀርባ ድምፅም እንደሱ ናቸው። ሰባኪው መናገር ሲጀምር ከስር የሚደርበው ጭጋግ ብዙ ጊዜ የዚህ ውጤት ነው።

88 ቁልፍ ያለው ዲጂታል ፒያኖ ካላችሁና መመሪያው ግማሽ ፔዳል አነባለሁ ካለ፣ ገንዘባችሁን ግማሹን በሚያነበው ላይ አውሉት። ባለ ሦስቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም መሣሪያው ከቤት የማይወጣ ከሆነ።

ኪቦርዳችሁ 32 ድምፅ ብቻ የሚችል አሮጌ ከሆነና ድምፅ እየቆረጠ ካስቸገራችሁ፣ የፔዳል ገንዘቡን ለሌላ ኪቦርድ መጀመሪያ አድርጉት። እስከዚያው ድምፅ አትደርቡ።

ሱቅ ስትሄዱ ኪቦርዱን በባጃጅ ይዛችሁ ሂዱ። ያስቸግራል፤ ያዋጣል። ኪቦርዱ ጠፍቶ እያለ ሰኩት፣ እግራችሁን ሳታሳርፉ አብሩት። አንድ ቁልፍ ምቱ፣ ርገጡ፣ ጣታችሁን አንሱ፤ መቀጠል አለበት። እግራችሁን አንሱ፤ ወዲያው መቆም አለበት። ሃያ ጊዜ ያህል ቶሎ ቶሎ ርገጡት። አንዴ እንኳን ከሳተ ሌላ ይምጣላችሁ። ገመዱን ከጃኩ አንገት ላይ እያወዛወዛችሁ ስሙ፤ ካንኮሻኮሸ ውስጡ ልቅ ነው። ሴራሚክ ወለል ላይ አስቀምጣችሁ በእግር ጫፍ ግፉት። ከሸሸ ከናንተም ቤት ይሸሻል።

የተማሪዬ እናት በሦስተኛው ቀን ተመልሰው ሄዱ። ባለ ብረት ምላሱን ገዙ። ባለሱቁ ስለ ባለ ሦስቱ ደግሞ ሊነግራቸው ሲጀምር የኪቦርዱን ጀርባ ፎቶ አሳዩት፤ ዝም አለ አሉኝ። ትናንት ቤታቸው ሄድኩ። ልጅቷ ትዝታ ስትጫወት ቆየች፤ ደስ ይላል። ችግሩ ከመጀመሪያው ኮርድ እስከ መጨረሻው እግሯን አላነሳችም። እናትየው "አያምርም?" አሉኝ። "ያምራል" አልኳቸው። ለሚቀጥለው ሳምንት አንቺሆዬ ሰጥቻታለሁ።